መታወቂያህን ማን ሊነጥቅህ ይችላል?

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ስታዲየም አካባቢ ባለ አንድ አዳራሽ ለወጣት አገልጋዮች የተናገርኩት ነው። መምጣት ያልቻላችሁ ስለጠየቃችሁኝ ከማስታወሻዬ አውጥቼ ጻፍኩት። ጊዜ አጥሮኝ የዘለልኩትንም እዚህ ጨምሬበታለሁ።

ወገኖች፣ ጌታ ይባርካችሁ። በዚህ ዝናብ፣ በዚህ የታክሲ ሰልፍ፣ ከቤታችሁ ወጥታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ስትገቡ እያየኋችሁ ነበር። ብዙዎቻችሁ አዲሱን የአገልጋይነት መታወቂያ አንገታችሁ ላይ አንጠልጥላችኋል። ደስ ብሏችኋል፣ ደስ ሊላችሁም ይገባል። ዛሬ የማወራው ስለዚያ ካርድ ነው። ዋጋ አለው? ካለው ዋጋው ከየት መጣ?

በአንዲት እናት ልጀምር።

ከ2 ዓመት በፊት ነው፣ ሰኞ ጠዋት፣ ሜክሲኮ ያለው የኅብረታችን ቢሮ መጡ። 3ኛ ፎቅ ነን፣ ሊፍት የለንም። ሲደርሱ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይል ነበር። ውሃ ሰጠናቸው። ነጠላቸውን አስተካክለው ቁጭ አሉና ከፌስታል ውስጥ ስልካቸውን እና አራት ቦታ የታጠፈ የባንክ ደረሰኝ አወጡ። ልጃቸው በየመን በኩል ሊሻገር ወጥቶ ድምፁ ጠፍቷል። አንድ አገልጋይ "በሩ ሊከፈት ነው፣ ዘር ይዝሩ" ብሏቸዋል። የአንገት ወርቃቸውን ሸጠው በሰጣቸው የሂሳብ ቁጥር አስገቡ። አምስት ወር አለፈ። ልጁም አልደወለም፣ አገልጋዩም ስልክ አያነሳም።

እኔ ገንዘቤን አስመልሱልኝ የሚሉ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ያሉኝ ሌላ ነው። "ልጄ፣ ይሄ ሰውዬ የሚጠየቀው የት ነው?"

የየት ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነው ብዬ ጠየቅኳቸው። "እሱማ መታወቂያ አሳይቶኛል፣ ማኅተም ያለው" አሉና ስልካቸውን ሰጡኝ። ፎቶ አንስተውታል። በሁለት ጣቴ አጉልቼ አየሁት። ጥሩ ካርድ ነው፣ ከኛው ያምራል። ክብ ማኅተም አለው፣ መሐሉ ላይ እርግብ፣ ዙሪያውን "ዓለም አቀፍ" የሚል ጽሑፍ። ማዕረጉ ሐዋርያ ነው። ከታች ፊርማ አለ፣ ከፊርማው ሥር የፈራሚው ስም። ስሙን አነበብኩት። ወደ ላይ ተመልሼ የባለ መታወቂያውን ስም አነበብኩ። እንደገና ወደ ታች። አንድ ሰው ነው። ለራሱ መታወቂያ የሰጠው ራሱ ነው።

ለእኚያ እናት ያን ቀን መልስ አልነበረኝም። አንድ ወንድም አብሯቸው ፖሊስ ጣቢያ ሄደ፣ ማመልከቻ አስገቡ፣ እስከ ዛሬ ምንም አልተገኘም። ጥያቄያቸው ግን ከኔ ጋር ቀረ። የሚጠየቀው የት ነው? እኔ ስለ አገልጋይነት መታወቂያ የማውቀውን ሁሉ ብጨምቀው ከዚህ ጥያቄ አያልፍም። መታወቂያ ማለት ከኔ ሌላ ስለ እኔ የሚጠየቅ ሰው አለ ማለት ነው። ስበድል ሰው ሄዶ የሚከሰኝ ቦታ አለ ማለት ነው። ካላረምኩም ካርዱን ከእጄ የሚወስድ አለ። ማንም ሊወስድብኝ የማይችል መታወቂያ ከሆነ ማተሚያ ቤት ሄጄ ያሳተምኩት ቢዝነስ ካርድ ነው። ማኅተም ማስቀረጽ ደግሞ በዚህ ከተማ የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው።

ይሄ ጣጣ ከኛ አልጀመረም። በዐፄ ልብነ ድንግል ጊዜ ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የሚባል ቄስ ነበር። አገራችን ውስጥ 6 ዓመት ቆይቷል። ጳጳሱ ካህናትን የሚሾምበትን ሥነ ሥርዓት በዓይኑ አይቶ ጽፎታል። በአንድ ቀን ከ2 ሺህ በላይ ሰው ሲሾም ነው ያየው። እጩዎቹ ይሰለፋሉ፣ እያንዳንዱ ከቀረበለት መጽሐፍ ጥቂት ቃላት ያነባል፣ ፈተናው ይኸው ነው። ያለፈው ወደ ሌላው ካህን ይሄድና ቀለም የተነከረ ማኅተም ክንዱ ላይ ይመታለታል። ሰውየው ነገሩ አልተዋጠለትም፣ ፈተናው አነሰ ብሎ ቅር ብሎታል።

በዚያ ቀን ለተሰለፉት ሰዎች ግን አዝናለሁ እንጂ አልፈርድባቸውም። ጳጳሱ አንድ ነው፣ የሚመጣውም ከግብጽ ነው። ሲሞት ሌላ እስኪመጣ ዓመታት ያልፋሉ። ዛሬ ካልተሾምክ መቼ ትሾማለህ? እና ሰው እንደ ጎርፍ ይመጣል። ከ2 ሺህ ሰው ጳጳሱ ስንቱን በስም ያውቃል? የማንን ጎረቤት ጠይቋል? ክንድ ላይ የተመታ ቀለም ደግሞ ይታጠባል።

ጳጳስ ከግብጽ የመጠበቁ ነገር የተቋጨው በ1951 ዓ.ም. ነው። አቡነ ባስልዮስ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፓትርያርክ ሆነው የተሾሙት በዚያ ዓመት ሰኔ ላይ ነው። የሚገርመኝ ነገር፣ በዚያው በ1951፣ ጥር ላይ፣ የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስም እንደ አገር አቀፍ ቤተ ክርስቲያን ተመሥርታለች። ሁለቱ በብዙ ነገር አይገናኙም። ግን በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለቱም ቤት ለአንድ ጥያቄ መልስ አገኘ። በኛ አገልጋዮች ላይ እጅ የሚጭነው ማን ነው? ባሕር ማዶ ያለ ሰው ነው ወይስ ቋንቋቸውን የሚናገር፣ ቤታቸውን የሚያውቅ፣ ለቅሷቸው ላይ የሚቀመጥ? ለኔ ይሄ የብሔራዊ ኩራት ነገር ብቻ አይደለም። በቅርብ የማያውቅህ ሰው ሊመሰክርልህ አይችልም፣ ስትጠፋም ሊፈልግህ አይችልም።

አሁን አንዳንዶቻችሁ በልባችሁ የምትሉትን አውቃለሁ፣ እኔም በናንተ ዕድሜ ብዬዋለሁና። "የጠራኝ ጌታ ነው፣ የሰው ወረቀት ምን ያደርግልኛል?" ጥሩ ጥያቄ ነው። አሞጽ ነቢይም የነቢይ ልጅም አልነበረም፣ እረኛ ነበር። ጳውሎስም ገላትያ ላይ ሐዋርያነቴ ከሰው አይደለም ብሎ ነው የሚጀምረው። ግን ገጹን ገልብጡት። ምዕራፍ 2 ላይ ይኸው ጳውሎስ ኢየሩሳሌም ይወጣል። የሚሰብከውን ወንጌል ለዋናዎቹ ለብቻቸው ያስረዳቸዋል። ለምን? በከንቱ እንዳልሮጥ ብዬ ነው ይላል። ያዕቆብና ኬፋ ዮሐንስም ቀኝ እጃቸውን ሰጡት። ጥሪው ከጌታ ነው፣ ቀኝ እጁ ከወንድሞች ነው። ጳውሎስ ሁለቱንም ፈለገ። ጌታ በደማስቆ መንገድ በብርሃን ያናገረው ሰው ወንድሞች ይዩኝ ካለ እኔና አንተ ማን ሆነን ነው አልታይም የምንለው?

አጵሎስንም አስቡት። ሊቅ ነው፣ መጽሐፉን ጠንቅቆ ያውቃል። ወደ አካይያ ሊሻገር ሲል የኤፌሶን ወንድሞች እንዲቀበሉት ደብዳቤ ጻፉለት። ፌቤንም ጳውሎስ በሮሜ መልእክቱ መጨረሻ ላይ አደራ ብሎ ነው የላካት። ያኔም ደብዳቤ ነበር ማለት ነው። ያኔም አጭበርባሪ ስለነበረ ነው ደብዳቤ ያስፈለገው። ከጥንት ክርስቲያኖች የቀረ ዲዳኬ የሚባል የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት አለ። እዚያ ላይ እንግዳ ሆኖ የሚመጣ ሐዋርያ አንድ ቀን፣ ካስፈለገም ሁለት ቀን ይደር፣ ሦስት ቀን ከቆየ ሐሰተኛ ነቢይ ነው ይላል። ሲሄድ ከዳቦ በቀር ምንም አይያዝ፣ ገንዘብ ከጠየቀም ሐሰተኛ ነው ይላል። ያንን ሳነብ እኚያ እናት ናቸው ትዝ ያሉኝ።

ወረቀት ከሌለ አገልግሎት የለም እያልኩ አይደለም፣ እንዲህ እንዳትረዱኝ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ፀጉራችሁ የሸበተ የምታውቁት ነው፣ በደርግ ጊዜ እንዲህ ዓይነት ካርድ በኪስህ ይዘህ ብትገኝ በቀጥታ ወደ እስር ቤት ነው። መሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በ1974 ዓ.ም. ስትዘጋ አባላቷ 5 ሺህ ገደማ ነበሩ። በ1983 ደርግ ወድቆ በሯ ሲከፈት ከ30 ሺህ በላይ ሆነው ተገኙ። በየቤቱ፣ በሹክሹክታ፣ መጋረጃ ዘግተው። ያን ሁሉ ሰው ያገለገሉት ካርድ አልነበራቸውም።

ታዲያ ካርድ ሳይኖር ማን እውነተኛ አገልጋይ እንደሆነ፣ ማን የቀበሌ ጠቋሚ እንደሆነ በምን ይለዩ ነበር? በዚያ ዘመን ቤቱን ለጸሎት ይከፍት የነበረን አንድ ጋሼን ይህንኑ ጠየቅኩት። "በር ሲንኳኳ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበረን፣ ማን ያውቅሃል? ስም ይጠራል። የጠራውን ሰው ሄደን እንጠይቃለን። አላውቀውም ካለን በሩ አይከፈትም። አውቀዋለሁ ካለ ግን በራሱ አንገት ነው የፈረመው" አለኝ። በራሱ አንገት። የመጣው ሰው ጠቋሚ ከሆነ አብሮ የሚታሰረው አውቀዋለሁ ያለው ነውና። እኔ ከዚያ የበለጠ የአገልጋይነት ማስረጃ አይቼ አላውቅም። ፕላስቲክ አልነበረውም፣ ማኅተም አልነበረውም፣ ግን ሌላ ሰው ሕይወቱን አስይዞበታል።

ከዚህ ወደ ካዛንቺስ ማዶ ብትሄዱ ዑራኤል ነው። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ማታ የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ እዚያ ባለው የቤተ ክርስቲያኒቱ አጥቢያ አገልግለው ሲወጡ ታፍነው ተወሰዱ። ገደሏቸው። አስከሬናቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ በ1984 ዓ.ም. ነው። ከአገር የሚወጡበት መንገድ ቀርቦላቸው ነበር፣ መንጋዬን ትቼ እንዴት ብለው ቀሩ። ቄስ የሚለው ቃል እሳቸው ስም ላይ ሲቀመጥ ምን ይዞ እንደመጣ አስቡት። ዛሬ ፖስተር ላይ ፓስተር የነበረው በዓመቱ ነቢይ፣ ከዚያ ሐዋርያ፣ ከዚያ ቢሾፕ ሲሆን እናያለን። ማዕረጉን የጨመረለት ማን ነው ብትሉ መልስ የለም። ይሄ ያመኛል። ማዕረግ ሰው ተጠይቆበት፣ ሰው ሞቶበት ያገኘነው ነገር ነውና።

ጥቅም የተለጠፈበት ካርድ ደግሞ ሁልጊዜ ጥቅም ፈላጊ ይጠራል። አሜሪካ ውስጥ አሴምብሊስ ኦፍ ጎድ የሚባለው የጴንጤቆስጤ ኅብረት በ1914 እ.ኤ.አ. አርካንሳስ ሆት ስፕሪንግስ ላይ ሲመሠረት ወደ 300 የሚሆኑ ሰዎች ተሰብስበው ነበር። በዚያ ዘመን የባቡር ኩባንያዎች ለአገልጋዮች የትኬት ቅናሽ ያደርጋሉ። ቅናሹን ለማግኘት የታወቀ ቤተ ክርስቲያን ወረቀት ያስፈልጋል። እና ወረቀቱን የሚፈልገው ሁሉ ወንጌል ይዞ የሚጓዝ አልነበረም ብንል አንሳሳትም። ያ ኅብረት ዛሬ አገልጋዮቹን በሦስት ደረጃ ነው የሚያውቃቸው፣ ከታች ጀምሮ እስከ ሙሉ ሹመት፣ ማስረጃቸውም በየዓመቱ ይታደሳል። የኛ የባቡር ትኬት ምንድነው? የቪዛ የድጋፍ ደብዳቤ ነው። የአዳራሽ ኪራይ ነው። መድረክ ነው። ለዚህ ብላችሁ ካርዱን የያዛችሁ ካላችሁ ዛሬ ማታ ከጌታ ጋር ተነጋገሩበት።

ስለ ሕጉ ብዙ አላወራም። በአዋጅ ቁጥር 1208/2012 የኢትዮጵያ ወንጌል አማኞች አብያተ ክርስቲያናት ካውንስል ተቋቁሟል፣ ይሄ ለኛ ትልቅ ነገር ነው። የቤተሰብ ሕጉም በሃይማኖት ሥርዓት የተፈጸመ ጋብቻን ያውቃል፣ ጋብቻው ደግሞ ወሳኝ ኩነት ጋ መመዝገብ አለበት። ስለዚህ ሙሽሮች ፊት ስትቆሙ ወረቀታችሁ የነሱን ወረቀት ይነካል። አንድ ጥንድ ለምዝገባ ሄደው ያጋባችሁ ማን ነው ተብለው ሲጠየቁ የሚያሳዩት ነገር አጥተው ሲያለቅሱ አይቻለሁ።

አሁን የራሴን ልንገራችሁ።

የአገልጋይነት ፈቃድ ስጠይቅ ካዛንቺስ አንድ ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበር። የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት ጨርሻለሁ፣ ዲፕሎማዬ አለ፣ እሰብካለሁ፣ ሰው "ተባረክንበት" ይላል። ሁለት ሽማግሌዎች ቃለ መጠይቅ አደረጉልኝ። ስለ ሥላሴ ጠየቁኝ፣ መለስኩ። ስለ ጥምቀት፣ መለስኩ። አበቃ ብዬ ቤቴ ገባሁ። ለካ እነሱ አላበቁም። በሳምንቱ ሳይነግሩኝ ሰፈሬ መጥተው፣ ከግቢያችን በር ፊት ለፊት ያለው ሱቅ ገብተው ለስላሳ ጠጥተው ስለ እኔ ጠይቀዋል።

ባለሱቁ ሙስሊም ነው። ዳቦ፣ ሻማ፣ ሳሙና፣ የስልክ ካርድ፣ ሁሉንም ከሱ ነው የምወስደው። የዱቤ ደብተር አለው፣ ጠርዙ በዘይት የወዛ፣ እስክሪብቶው በክር የታሰረበት። "ልጁ ጨዋ ነው፣ ሰክሮ አይቼው አላውቅም፣ ሰላምታ አያልፍም" አላቸው። ቀጥሎ ደብተሩን ገልጦ "ዱቤ ግን ይዞ ይቆያል" አለ። 740 ብር። ሦስት ወር አልፎታል።

ሽማግሌዎቹ ጠሩኝ። መጀመሪያ ዕዳህን ክፈል፣ ከዚያ ስድስት ወር እናይሃለን አሉኝ። በጣም ነው የተናደድኩት። ጌታ የጠራኝን ሰው በዳቦ ዱቤ ያቆሙኛል? ለጓደኞቼ አማሁዋቸው። ሌላ ኅብረት ልሂድ ብዬም ነበር፣ እዚያ በሳምንት ይሰጣሉ ተብሎ ተነግሮኛል። ያስቀረኝ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ነው። በሩ ላይ ይዞኝ 1ኛ ጢሞቴዎስ 3፥7ን አነበበልኝ። በውጭ ካሉት ሰዎችም መልካም ምስክር ይኑረው ይላል። "በውጭ ያለ ሰው ማለት ላንተ እኮ ያ ባለሱቅ ነው። እሱ ሳይፈርምልህ እኔ ልፈርም?" አለኝ።

ከፈልኩ። ስድስት ወር ቆየሁ። በዚያ ስድስት ወር ምን እንደሆነ ልንገራችሁ፣ ከሰው መበደር አቆምኩ፣ ያለኝን ቆጥሬ መኖር ለመድኩ። ፈቃዱ የተሰጠኝ ቀን ሦስት ሽማግሌዎች እጃቸውን ጭነውብኛል። አንዱ ከገጠር የመጡ አባት ናቸው፣ እጃቸው የገበሬ እጅ ነው፣ ከባድ ነው። ጭንቅላቴ ላይ ሲያርፍ አንገቴ ወደ ታች ነው ያለው። እስከ ዛሬ ያ ክብደት ይሰማኛል። ማታ ወደ ቤት ስገባ ሱቁ ክፍት ነበር። ካርዱን አሳየሁት። ወደ አምፖሉ አስጠግቶ አገላብጦ አየውና "እኔም እኮ ምስክርህ ነኝ" አለኝ። ደስ ብሎታል። ከዚያ በኋላ ለዓመታት፣ ሱቁ ገብቼ ስቆጣ ወይ ክፉ ቃል ሲወጣኝ ቀና ብሎ ያየኛል፣ ምንም አይለኝም። እኔም ዝም እላለሁ። ያ ሱቅ ዛሬ የለም፣ ሰፈሩም ፈርሷል። ካርዴን ባወጣሁ ቁጥር ግን ከሽማግሌዎቹ ፊርማ ጋር የሱ ደብተር ይታየኛል።

ዲግሪ ይህን አይተካም። ትምህርት ተማሩ፣ በጣም ተማሩ፣ እዚሁ አዲስ አበባ ጥሩ ጥሩ የሥነ መለኮት ትምህርት ቤቶች አሉን። ግን ዲግሪ ያወቅከውን ነው የሚናገረው። ዱቤህን አይናገርም፣ ሚስትህን በምን ቃል እንደምትጠራት አይናገርም። በተቃራኒው ደግሞ ካርድ የሌላቸው፣ ሊኖራቸው ሲገባ ያልሰጠናቸው ሰዎች አሉን። 20 እና 30 ዓመት የሰፈር ጸሎት የመሩ እናቶች አሉ፣ ሟች የሚገንዙ፣ የታመመ የሚያስታምሙ፣ የተጣላ የሚያስታርቁ። መካነ ኢየሱስ ሴቶችን በቅስና መሾም ከጀመረች እንኳ ገና 30 ዓመት አልሞላም፣ ብዙዎቻችን ደግሞ እሱንም አላሰብንበትም። ለነዚህ እናቶች ሰፈር ሁሉ ይመሰክራል፣ የኛ ፊርማ ነው የጎደለው። ይሄ የኛ ጥፋት ነው፣ በዚህ ዓመት ኮሚቴው ፊት አቀርበዋለሁ።

ከዚህ ቀጥሎ የምናገረው ለመናገር የሚከብደኝ ነው። ግን ለናንተ ካልተናገርኩት ለማን እናገረዋለሁ።

ስለ መሸኛ ነው። አንድ አገልጋይ ከኛ ወደ ሌላ ኅብረት ሲሄድ መሸኛ ደብዳቤ እንጽፋለን። "ወንድማችን ከዚህ እስከዚህ ጊዜ አብሮን ሲያገለግል ቆይቶ በራሱ ፈቃድ ስለለቀቀ በምትፈልጉት ሁሉ እንድትተባበሩት" የሚል፣ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከዓመታት በፊት አንድ አገልጋይ ነበር። ስሙን አልናገርም፣ ያገለግልበት የነበረውን አጥቢያም አልናገርም። ምክር ፈልገው በሚመጡ ወጣት ሴቶች ላይ ያደርግ የነበረውን ነገር ሁለት እህቶች መጥተው ነገሩን። አንደኛዋ እየተናገረች ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሶፍት ቆራርጣ ጨርሳዋለች፣ ትንንሽ ነጭ ቁርጥራጭ ፊቷ ተከምሮ ነበር። አመናቸው። እውነት እንደሆነ አውቀናል። መታወቂያውን ከመቀማትና ምክንያቱን ከመጻፍ ግን፣ ስሙ ይነሳል፣ ሚስቱ አለች፣ ልጆቹ አሉ፣ ጌታን ያሰድባል ብለን በሰላም ይሂድ አልን። መሸኛ ጻፍንለት። "በራሱ ፈቃድ" ብለን። ከፈረሙት ሦስት ሰዎች አንዱ እኔ ነኝ።

ሄደ። በኛ ፊርማ ሌላ ቦታ ገባ። እዚያም ያንኑ አደረገ። ከዚያ የመጣችው ልጅ "እናንተ ታውቁ ነበር?" ብላ ጠየቀችኝ።

ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ በማንም ላይ ፈጥነህ እጅህን አትጫን ያለውን ሁላችን በቃል እናውቀዋለን። የምናቆመው ግን እዚያ ላይ ነው። ዓረፍተ ነገሩ አላለቀም፣ በሌሎችም ኃጢአት አትተባበር ብሎ ይቀጥላል። እጅ የጫንክበት ሰው የሚያደርገው ነገር ውስጥ እጅህ አለበት ማለት ነው። እኔ ያን ደብዳቤ ስፈርም ጥፋቱ ላይ ነው የፈረምኩት። ልጅቷን ይቅርታ ጠይቄያታለሁ። ለዚያ ኅብረት መሪዎችም እውነቱን በጽሑፍ አሳውቀናል፣ ዘግይቶም ቢሆን። ከዚያ ወዲህ ኮሚቴያችን አንድ ነገር ወስኗል። ከአገልግሎት የታገደ ሰው መሸኛ ከፈለገ የታገደበት ምክንያት መሸኛው ላይ ይጻፋል። አልፈልግም ካለ መሸኛ የለም።

ቅድም ያልኳችሁን ልድገመው። የካርዱ ዋጋ ሊነጠቅ በመቻሉ ነው። እኛ መንጠቅ ባለብን ቀን ሳንነጥቅ ስንቀር፣ በመላ አገሪቱ ያለውን የእያንዳንዳችሁን ካርድ ነው ያረከስነው። እዚህ የተቀመጣችሁት ምንም ሳታጠፉ። እኚያ እናት ባለ እርግቡን ካርድ ያመኑት እኮ ከዚያ በፊት እውነተኛ ካርድ አይተው ስለሚያውቁ ነው።

ከንግግሩ በኋላ አንድ ወጣት እጁን አወጣ። ጥያቄው ጥሩ ስለሆነ እዚህ አስገባዋለሁ። "እጅ የጫኑብኝ አባት አርፈዋል። እኔ አሁን ለማን ነው የምጠየቀው?" አለኝ። በአንድ ሰው እጅ ብቻ የማንሾመው ለዚህ ነው አልኩት። ሦስት ሰው የሚፈርመው አንዱ ሲያርፍ፣ አንዱ ሲዘነጋ፣ ወይ እንደኔ አንዱ ሲፈራ ሌላው እንዲኖር ነው። ሁለቱን ሄደህ አግኛቸው፣ በዚህ ሳምንት፣ ቡና ጠጣ ከነሱ ጋር። ካርዱ ላይ ስማቸው አለ። ሁለቱም አዲስ አበባ ከሌሉ ደግሞ ና ንገረን፣ በቅርብህ ያለ ሰው እንጨምራለን።

አሁን ስለ እድሳቱ። የዘንድሮው ቅጽ ካምናው ይለያል። በር ላይ የቆሙት ልጆች ይሰጧችኋል። አንደኛው ገጽ የተለመደው ነው፣ ስም፣ አጥቢያ፣ የተሾማችሁበት ቀን። ሁለተኛው ገጽ ላይ ሁለት አዲስ መስመር አለ። የመጀመሪያው ከቤተ ክርስቲያን ውጭ የሆነና የሚያውቃችሁ የአንድ ጎረቤት ስም ነው። ባለሱቅም ቢሆን፣ የዕድር ሊቀመንበርም ቢሆን፣ አከራያችሁም ብትሆን። እንደውልላቸዋለን፣ ወይም እንሄዳለን፣ አስቀድማችሁ ንገሯቸው። ሁለተኛው በእናንተ ቅር የተሰኘ ሰው የሚደውልበት ስልክ ነው። የራሳችሁን ቁጥር እንዳትጽፉ፣ እሱ ተቀባይነት የለውም። የሽማግሌ ወይም የመሪ ቁጥር ይሁን፣ የሚነሳ ስልክ። ያ ቁጥር በአዲሱ ካርድ ጀርባ ላይ በትልቁ ይታተማል፣ መነጽር የሌላት እናትም እንድታነበው።

ቅጹን እስከ ወሩ መጨረሻ ሜክሲኮ ቢሮ ታስገባላችሁ። 3ኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍት የለም።